አራተኛው ስም

ከቡራዩ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። «በሌሊት ሹልክ የሚል ይጠየቃል፤ በቀን ዘንቢል ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈርን ግን ማን ልብ ይለዋል?» ብሎ የመከረኝ አባቴ ነው። ዘንቢሌ ውስጥ ከላይ ጎመን፣ ከሥር ልብሴ ነበር። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ጎመኑን ለማላውቃት ሴት ሰጠኋት።

ያሸሸኝ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው የተባለ ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌዎች አቤቱታ ሊያስገቡ ተሰበሰቡ። ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን አይቀድምምና በዕድሜ ደረደርኳቸው፤ አባቴ ኦቦ ደበላ አራተኛ ሆነ። ተማሪዎች ሰልፍ የወጡ፣ ተኩስም የተሰማ ሳምንት የመጀመሪያውን ሽማግሌ ፖሊሶች መጥተው ወሰዷቸው። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። በጻፍኩት ተራ! ማክበራችን ለእነሱ ሥራ አቀለለላቸው።

«ጽሑፉ ያንቺ መሆኑን ይደርሱበታል፤ ሂጂ» አለኝ አባባ።

«አንተስ?»

«መሬቱን ለማን ጥዬ?»

በረሃውንና ባሕሩን፣ ከሰበታም ከሱሉልታም ወጥታችሁ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁና አልደግመውም። ለንደን ገባሁ። ዝናቡ እንደ ሐምሌያችን ዶፍ ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። ዳቦው ይጣፍጣል፤ ከወጥ ጋር አይሄድም። ጎረቤትሽ ሰላም ሳይልሽ ዓመት ያልፋል።

የከንቲባ ምርጫ ሲቃረብ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ከካውንስሉ፣ ፎርም መጣ፤ በዚህ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ ስም ጻፉ ይላል። ፎርሙን ፍራሽ ሥር ሸጎጥኩት። መልስ ሲጠፋ አንዲት የካውንስሉ ሠራተኛ በሩን አንኳኳች።

«እዚህ ቤት ማን ይኖራል?»

«ማንም።»

«አንቺስ?»

«እየወጣሁ ነው።»

«በነጠላ ጫማ?»

አከራዬ ጋናዊቷ ማዳም ኤፉዋ ከኋላዬ መጣች። «ስምሽን ንገሪያት እንጂ! ጣጣው ለእኔ ነው የሚተርፈው።»

«ጫልቱ» አልኩ።

«የቤተሰብ ስምስ?»

«የቤተሰብ ስም የለኝም። ያለኝ የአባቴ ስም ብቻ ነው።»

«እሱኑ ነው የጠየቅኩሽ።»

ደበላ ብዬ ነገርኳት። በፎርማቸው ላይ የቤተሰብ ስም ይቀድማልና እሱን ከፊት፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

የምርጫው ውጤት የሚነገር ቀን ሥራ አልሄድኩም። ባገኘሁት ጠርሙስ ሁሉ ውኃ ሞላሁ፤ ዳቦና ሻማ ገዛሁ፤ ጥይት በመስኮት ይገባልና መጋረጃውን ዘግቼ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማዳም ኤፉዋ በሩን ከፍታ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ማን አሸነፈ?»

ነገረችኝ።

«የተሸነፈውስ የት ታሰረ?»

«ታሰረ? በቴሌቪዥን ቆሞ እንኳን ደስ አለህ እያለው ነው!» ብላ ሳቀች፤ ሻማዎቹን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች።

ወጥቼ አየሁ። አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ሰዉ ውሻውን ያንሸራሽራል። ቅናት አንገበገበኝ።

ቡራዩ ደወልኩ። አባባ እስከ ዛሬ አልተነካም፤ ስልክ ካላነሳ ግን ተራው ደረሰ ማለት ነው ብዬ ስለምፈራ፣ ጥሪውን እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። አነሳው።

«አካም ጅርታ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባባ። እዚህ ከንቲባ ተመረጠ። ማንም አልታሰረ፣ ማንም አልሞተ። ስማችንን መዝግበውን ነበር፤ ለካ ለምርጫ ብቻ ኖሯል።»

ከበስተኋላው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔን ስም አልጻፍሽም አይደል?»

«አልጻፍኩም አባባ» አልኩት።