ከሰሏና ነጩ ቀሚስ

የአንጋፋው ልብስ ሰፊ ምላስ ከመርፌው ይሾላል። አዲሷ ሰፊ የምትገጥመውን እጅጌ ባየ ቁጥር በቅናት እርር ድብን ይል ነበርና፣ መልኳ ስለጠቆረ «ከሰሏ» አላት። ስፌት ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም ጸና።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ፣ አንጋፋው «ከሰሏ፣ መቀሱን አቀብዪኝ» ሲል ሰማችው። የልጅቷን እጅ አየችና፣ «ጋሼ፣ የኔን እሷ ባትነካው» አለች። ባለሱቋም ደንበኛዋ እንዳትቀየማት ብላ ልጅቷን ወደ ቁልፍ ተከላ አዛወረቻት።

«ኧረ ስቀልድ ነው» አለ አንጋፋው።

«ቀልዱን ለሙሽሪት ንገራት» አለችው ልጅቷ፣ እጅጌው ገና ያልተገጠመውን ቀሚስ እያስረከበችው።

አንጋፋው እጅጌውን ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ተረተረው፤ አሁንም ተጨማዷል። ዓይኑ ግን እሷ በሌላ ልብስ ላይ ወደተከለችው ቁልፍ ይሄዳል፤ ቁልፉም አስቀናው።