ያበጠው ስልኬ

ከወለንጪቲ ወደ አዳማ ስንመለስ ደረቴን ሞቀኝ። ልጄ ናት ብዬ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሚኒባሱ እንደተነሳ ጭኔ ላይ ሆና ፊቷን ደረቴ ላይ ለጥፋ ተኝታለች። ወባ ያዛት ብዬ ደነገጥኩ፤ እኛ ጋ ልጅ ሲግል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ግንባሯን ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። አንገቷ ላይም ላብ እንጂ ትኩሳት የለም። ሙቀቱ ከእሷ አልነበረም፤ በእሷና በእኔ መሃል ካለው ነገር ነው። ያኔ ገባኝ። ስልኬ ነው።

ስልኬን የምይዘው ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ገበያ የምንውል ሴቶች ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፤ ኪስ ይዳበሳል፣ ቦርሳ ይቀደዳል፣ ደረት ውስጥ ግን ማንም እጁን አይሰድም። እኔ ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ በሻሽ ጠቅልዬ ከልብሴ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዘዋለሁ።

ባትሪው ካበጠ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ጀርባው አልገጥም ሲለኝ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ላለ ስልክ ሠሪ አሳየሁት። ባትሪውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በጣቱ ገፋ አደረገው። እንደ እንዝርት ዞረ።

«አየሽ እናቴ፣ ጤነኛ ባትሪ አይዞርም። ይሄ አርግዟል።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚወልደው?» አልኩት።

«አትሳቂ፤ የሚወልደው እሳት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ ባትሪ አይገኝም፣ ስልኩን ቀይሪው።»

እንዴት ልቀይረው? የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የአማርኛ ፊደል ቀስ እያልኩ አነባለሁ፣ ያ ስልክ ግን ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ትልቁ ልጄ በየሰዉ ቁጥር ላይ ሥዕል አደረገልኝ። ሽንኩርት የሚያመጣልኝ ገበሬ ሽንኩርት ነው፣ እህቴ ጃንጥላ ናት፣ የትንሿ ልጄ አስተማሪ ደወል ናት። እሱን ለመልመድ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አዲስ ስልክ ሲሉኝ እንደገና አንደኛ ክፍል ግቢ ያሉኝ መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ተውኩት። ጀርባው እንዳይከፈት ከብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከውስጥ ጎማው፣ እንደ ቀለበት ቆርጬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሲያብጥ አንድ ጎማ ጨመርኩ፤ ደግሞ ሲያብጥ ሌላ። የማዳነው መስሎኝ ነበር። የዚያን ቀንም ጠዋት ወለንጪቲ አንድ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ሳስደርገው አረፈድኩ።

«ወራጅ አለ! አቁምልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። «እናት፣ ከኋላዬ ተሳቢ አለ። እዚህ ብቆም ሁላችንንም ነው የሚጠርገን። ትንሽ ታገሺ።»

«ስልኬ ሊፈነዳ ነው!»

በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰውዬ ዘወር ብሎ፣ «ማን ቢደውልልሽ ነው እንዲህ የጋለው?» አለ። ሰው ሳቀ። ወዲያው ከአንገቴ ስር ጣፈጥ ያለ ሽታ ወጣ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል። ሳቁ ቆመ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ ጎኔ ያሉት አሮጊት።

«እማማ፣ ልጄን ይያዙልኝ። ከእኔ ያርቁልኝ።»

ወዲያውኑ ከጭኔ ነጥቀው በሰው ራስ ላይ ወደ ኋላ ወንበር አሻገሯት። ነቅታ «እማዬ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። ዞሬ አላየኋትም። ባያት እጄ ይዝላል።

የመርፌ ቁልፉ አልከፈት አለኝ። ደረቴ ይለበልበኛል። ልብሴን ከአንገቱ ቀደድኩት። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማፈር ግን የት አባቱ። መኪናው ወደ ጠጠሩ ወርዶ ሊቆም ሲል ያ የቀለደብኝ ሰውዬ በሩን በረገደው። «ወርውሪው! ከነሻሹ ወርውሪው!»

ወረወርኩት። ጠጠሩ ላይ ወድቆ አፏጨ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ቦግ አለ። ያሰርኩበት ጎማ ሁሉ አብሮ ነደደ።

ሹፌሩ ራቅ አድርጎ አቆመና ሁላችንም ወረድን። «እናት፣ ሌላ የደበቅሽው ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሪ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። አሮጊቷ ልጄን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ነጠላቸውን የተቀደደው ልብሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «ገለቶማ፣ እማማ» ብዬ በቋንቋቸው አመሰገንኳቸው።

አዳማ ስንደርስ ገና ቀትር ነበር። ባጃጅ ይዘን ቤት ገባንና በሩን ዘጋሁት። የልጄን ቀሚስ አውልቄ ከአንገቷ እስከ እግሯ አገላብጬ አየኋት፤ እሳት የነካው አንድም ቦታ የለም። የእኔ ደረት ላይ እንቁላል የሚያህል ቃጠሎ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አፈሰስኩበትና ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ስልክሽ ሞተ?» አለችኝ ልጄ።

«ሞተ።»

«እኛስ?»

«እኛ ቤታችን ገብተናል። ደህና ነን» አልኳት።