ከአክስቴ ቀድማ የመለሰችው

አክስቴን በመዝገብ ስሟ የሚጠራት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ «ሜትር» ናት። ስሙን ያወጡላት የልብስ ስፌት ቤታችን ሰዎች ናቸው። አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሳይጨርስ እሷ የትከሻውን ስፋት፣ የእጁን ርዝመት፣ አንደኛው ትከሻው ዝቅ ማለቱን ጭምር ለይታ ትጨርሳለች። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው መለኪያ ለወጉ ነው፤ ሳይለካ የሚሰፋለት ደንበኛ ይሰጋላ።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እዚያው ቤት ካውያ ላይ ከቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ የማወራውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የሆነውን ደግሞ ከእሷም ከጓደኛዋም ለየብቻ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አንድ ቃል ሳያዛንፉ ነው የነገሩኝ።

ጓደኛዋ ቀጭኔ ናት፤ ቁመቷን አይተው ነው ያሏት። ከአክስቴ ጋር በአንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ናት መሐረብ የምታወጣው። የአክስቴ ባል በሕይወት ሳለ «እኔን ያገባሽኝ ቀጭኔ ወንድ ስላልሆነች ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። አክስቴም አላስተባበለችም።

እኛ ቤት በብዛት የሚሰፋው የተማሪና የሆስፒታል ልብስ ነው። ጨርቁ ሠላሳ፣ አርባ ድርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ የላይኛው በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ የመቁረጫው ማሽን አንዴ ይሄድበታል። መስመሩ በሁለት ጣት ከሳተ አርባ እጅጌ ነው ገደል የሚገባው። ስለዚህ ሁለቱ በመጀመሪያ ዓመታቸው፣ ሲከራከሩ አንድ ሙሉ ጥቅል ካበላሹ በኋላ፣ ሕግ አወጡ። አንዷ ታሰምራለች፣ ሌላዋ ታያለች። ያየችው «ልክ ነው» ካለች ይቆረጣል። «አይደለም» ካለች ያሰመረችው ጠመኔውን በመዳፏ ታጠፋለች። ክርክር የለም፤ «እስቲ ደግመሽ እዪው» የለም፤ ኩርፊያ የለም። «ያሰመረ ዓይን የራሱን ስህተት አያይም» ትላለች አክስቴ። ልማዱ እጇ ውስጥ ከመግባቱ የተነሳ ቀጭኔ «አይ...» ስትል ቃሉ ሳያልቅ መዳፏ ጨርቁ ላይ ያርፋል። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ጓደኞቹን እየጠራ ያሳያቸው ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን ያመጣችው ቀጭኔ ናት። ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ነው የጨረሱት። አንድ ቀን የማመልከቻ ቅጽ ሁለት ቅጂ ይዛ መጣችና «ልጆቻችንን አሳደግን፣ አሁን ተራው የኛ ነው» አለቻት። አክስቴ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሳምንት ስታንገራግር ቆይታ ቅጹን ሞላች። በቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠው የመጀመሪያው ኮርሳቸው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መግቢያ ነበር።

እንዴት እንደወደደችው ልነግራችሁ አልችልም። መጽሐፉን በተረፈ የጋውን ጨርቅ ለበደችው። «ይኼ እኮ ሐሜት ነው፣ ግን ገጽ ቁጥር አለው» ትለኝ ነበር። ሰው ሲበዛ ለምን እርዳታ እንደሚያንስ፣ አንድን ሰው በመጀመሪያ እይታ ለምን እንደምንፈርድበት ጨርቅ እያነጠፉ ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔም ካውያዬን ይዤ ሳላመለክት ተማርኩ። አንድ ሸሚዝ ያቃጠልኩት ስለ ጭፍን ጥላቻ ሲያወሩ ነው።

የሆነው ሁሉ የሆነው በሦስተኛው ወር ነው። ቅዳሜ ጠዋት የስፌት ቤቱን በር የምትከፍተው አክስቴ ስለሆነች ክፍል የምትደርሰው ሁልጊዜ ለጥቂት ነው። ቀጭኔ ግን ቤቷ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ቀድማ ትገባለች። ያን ዕለት አክስቴ ስትደርስ መምህሩ የፊተኛው ረድፍ ላይ ስድስት ሰው ደርድሮ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ትቶ ጠበቃት። ከወንበሩ አጠገብ ስድስተኛ ሆና የተቀመጠችው ቀጭኔ ነበረች። የቀረው አርባ ምናምን ተማሪ ከኋላ ነው።

መምህሩ አክስቴ በጊዜ ብትወልድ ልጇን ሊያክል የሚችል ወጣት ነው። «ዛሬ ዓይናችሁን ነው የምንፈትነው» አለ። አክስቴ «ዓይን» ሲል ሰምታ ሠርግና ምላሽ ሆነላት። ሁለት ካርቶን አነሳ። በአንዱ ላይ አንድ መስመር፣ በሌላው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው የተቆጠሩ መስመሮች። ከሦስቱ የቱ ነው ከብቸኛው ጋር እኩል? በተራ፣ ድምፅ አውጥቶ መመለስ ነው።

ሁለቴ ሁሉም በትክክል መለሱ። ሦስተኛው ጥንድ ካርቶን ወጣ። እኩሉ ሁለተኛው መስመር ነው፤ ሕፃን ልጅ ይለየዋል፤ ሦስተኛው በሁለት ጣት ይበልጣል። የመጀመሪያው ሰው «ሦስተኛው» አለ። አክስቴ «ይኼ ምስኪን መነጽሩን ረስቷል» አለች በልቧ። ቀጥሎ ያለውም «ሦስተኛው» አለ። ሦስተኛዋም፣ አራተኛውም። አምስተኛው ሲደግመው ሳቋ መጣባት፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ሁለተኛው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

የቀጭኔ ተራ ሆነ። ጠረጴዛችን ላይ እንደምታደርገው አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ካርቶኑን አየች። «ሦስተኛው» አለች።

አክስቴም «ሦስተኛው» አለች።

እንዲህ እያለ ካርቶን ወጣ፣ ካርቶን ገባ። በመጨረሻ መምህሩ እጁን አጨበጨበና እውነቱን ተናገረ። ስድስቱ ቀድሞ የተነገራቸው ናቸው፤ ሆን ብለው ነው የተሳሳቱት። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። «አያችሁ» አለ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ያለ መለኪያ የሚቆርጡት እናታችን እንኳን ብዙኃኑን ሲያዩ ዓይናቸውን ካዱ። ገጽ ሰማንያ አራትን ክፈቱ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም ይላሉ ሁለቱም። ለሚሳቅበት ሰው ግን ሳቅ ሳቅ ነው።

አክስቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። «ማን ማን ነበር የሚያውቀው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ተነግሯታል፤ ግን ጠየቀች። አምስት እጅ ወጣ። ስድስተኛው፣ የቀጭኔ፣ ዘግይቶ፣ ከትከሻዋ በላይ ሳያልፍ ወጣ።

ከዚያ ሁለቱ በየሳምንቱ ከክፍል ወደ ሥራ አብረው የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ ትታ ስፌት ቤት ድረስ በእግሯ መጣች። ፊቷን ሳየው ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ነገሩን ስሰማ «ለካርቶን ነው እንዲህ የምትሆኚው? ጨዋታ እኮ ነው አክስቴ» አልኳት። ዛሬ ያን ያልኩበትን አፌን ብመታው ደስ ይለኛል።

ሰኞ ቀጭኔ ከወትሮው ቀድማ መጣች። «ሜትርዬ» አለች፣ «መምህሩ አትናገሩ ስላለን ነው።» አክስቴ «ጨርቁን ያዢልኝ» አለቻት። አነጠፉ። አክስቴ አሰመረች። ቀጭኔ አየችና «ልክ ነው» አለች። አክስቴ ማሽኑን ይዛ ቆመች፤ አልቆረጠችም። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣

«ነይ እስቲ፣ አንቺ እዪልኝ» አለችኝ።

እኔ ካውያ ነው የማውቀው። ቢሆንም ካውያዬን አቁሜ ሄድኩ፤ ጨርቁን እንደ ሊቅ አገላብጬ አየሁና «ልክ ነው» አልኩ። ቆረጠች። ቀጭኔ ከጠረጴዛው ማዶ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁት፤ አንጀቴን በላችው። ግን የአክስቴ ወገን ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሳምንቱ በዚህ አለቀ። ቀጭኔ ታያለች፣ እኔ እጠራለሁ፣ እኔ በማላውቀው እምላለሁ። የሚያወሩት «ያዢ»፣ «ሳቢ»፣ «ልቀቂ» ብቻ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ የኛዋ እጅ ላይ ያለው የመቁረጫ ማሽን ነው። ባለቤቱ እንኳ በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ነበር የሚረግጠው።

ዓርብ ከሰዓት የሆስፒታል ጋውን ነበር፤ አርባ ድርብ። አክስቴ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ሐሳቧም እዚያ አልነበረም። አሰመረች። እንደተለመደው ጠራችኝ። አየሁና «ልክ ነው» አልኩ። ማሽኑን አስነሳች፤ ምላጩ ከጨርቁ ጫፍ አንድ ጣት ሲቀረው ቀጭኔ ከማዶ «አይደለም» አለች።

ቃሉ ሳያልቅ የአክስቴ መዳፍ ጠመኔውን አጥፍቶት ነበር። አላሰበችም፣ ቀና ብላ አላየችም፣ ዝም ብላ አጠፋችው። ከዚያ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። ማሽኑን አጠፋችና መዳፏ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ስታይ ቆየች። መለኪያ አምጥቼ ሳይጠፋ በቀረው መስመር ላይ ለካሁ፤ የብብቱ መስመር በሦስት ጣት ወደ ውስጥ ገብቷል። አርባ ጋውን ልፈጅ ነበር ማለት ነው።

«አየሽ?» አለቻት አክስቴ። «እንዲህ ነው የሆነው። አምስቱ ሲሉ እየሳቅሁባቸው ነበር። ሰው ቢበዛ ለኔ ምኔ ነው? አንቺ ስትዪ ጠመኔዬን አጠፋሁ። የመጽሐፉ ገጽ ስለኔ አይደለም የሚያወራው።»

ቀጭኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «አልነገርኩሽም እንጂ» አለች፣ «ያን ወንበር ላንቺ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ማንን ላስቀምጥ ሲል እሷን አልኩት። ዓለም ቢዋሽ እሷ ንቅንቅ አትልም፣ ሥራህን ታበላሽብሃለች አልኩት። እንድታሳፍሪያቸው ነበር የጠበቅሁት። ሁለተኛው እንድትዪ አፍሽን አፍሽን ነበር የማየው። ሦስተኛው ስትዪ እኔ ነኝ የደነገጥኩት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አላቆምሽም?»

«ፈራሁ። ሁሉም እያዩኝ ነበር።»

ገጽ ሰማንያ አራት የሚያወራው ስለ ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አክስቴ ግን መጽሐፉን አላነሳችም። «ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ቆመሻል» አለቻት። «ካንቺ ቃል በኋላ የራሴን ዓይን እንደማልሰማ ካላወቅሽ፣ ምንድን ነበር የምታዪው?»

ቀጭኔ የቀሚሷን ጫፍ አጥፋ ዘረጋች፣ አጥፋ ዘረጋች። አክስቴ ጠመኔ አንስታ የብብቱን መስመር እንደገና አሰመረች። ሲያልቅ በልማዷ ትንሽ ወደ ኋላ አለች፤ ያ ማለት «እዪልኝ» ነው። እኔን አልጠራችኝም። ቀጭኔ ተነሳች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች።

«ልክ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ታምኚኛለሽ?»

አክስቴ ማሽኑን አነሳች።

«ጨርቁን፣ አዎ» አለቻት።

ይኼው ዓመት ሊሆነው ነው። አንድም ልብስ አልተበላሸም። ኮርሱን ሁለቱም በጥሩ ውጤት አለፉ፤ የተቀመጡት ግን አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ ነበር። እኔ እዚያው ካውያዬ ላይ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጨርቅ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።