ጋሼ አይነካም እና ባለጆሮው ግድግዳ

አዋጅ! አዋጅ! የነካህም፣ ለመንካት ያሰብክም፣ ጣትህን ቀስረህ በሩቁ የምትጠቁምም፣ ሁልህም እጅህን ወደ ኪስህ መልሰህ አድምጥ! የሥዕል አዳራሹ ጠባቂ፣ የመስታወት ሣጥኖች ሞግዚት፣ የቀይ ገመዱ ዘብ፣ የሕፃናት ጣት ባላንጣ የሆኑት ክቡር ጋሼ አይነካም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ «አይነካም!» ሲሉ ኖረው፣ ከነገ ጀምሮ «እባካችሁ ንኩ» እንዲሉ ታዘዋል። ሰፊው ሕዝብ ይህን አውቆ ይደንግጥ!

በአዋጅ አንቱ እንበለው እንጂ በወሬ «እሱ» ይበቃዋል።

ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። አንድ ጎብኚ ገና ትከሻውን ወደ ሥዕሉ ዘንበል ሲያደርግ፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ «አይነካም!» የሚል ድምፅ ይነሣና ጣሪያ ነክቶ ይመለሳል። ሠዓሊው ራሱ መጥቶ ፊርማዬን ላስተካክል ቢል መልሱ ያው ነበር። ወንበር ተሰጥቶታል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ኮቱ ነው። እሱ እግሩ አያርፍም። ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፤ ሲቆም ተረከዙን ያነሣል፣ ተረከዙ ሲደክመው ቁልፉን ያንቃጭላል፣ ቁልፉን ሲተው ስልኩን ያወጣል። በልጅነቱ እናቱ «አንተ ልጅ፣ ቂጥህ ላይ ምን በቀለ?» ትለው ነበር አሉ። የበቀለው እስከ ዛሬ አልተነቀለም።

ቤትም አያሳርፈው፤ ቤቱ የአማቱ ነዋ! እማማ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ ስልክ አገናኝ ናቸው። ደዋይ ሁሉ በሳቸው ድምፅ በኩል ያልፍ በነበረበት ዘመን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰኩ፣ የከተማውን ፍቅርና ፍቺ ሲያገናኙ ኖረዋል። መሥሪያ ቤቱ እሳቸውን ጡረታ አወጣ፤ ጆሯቸውን ግን ማውጣት ረሳው። ጋሼ አይነካም ማቀዝቀዣውን በጣቱ ጫፍ ሲከፍት፣ ከመኝታ ክፍላቸው «የላይኛው የነገ ነው፤ ተወው!» ይላሉ። ሰፊውን ክፍል የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እሱና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ላይ ያድራሉ። ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ሲያይ በከረመ ጊዜም ለአዳራሹ አለቃ ደውለው ያስቀጠሩት እማማ ናቸው። ውለታ ግን እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ እግርህን መሸፈኑን ትረሳና መቆንጠጡን ታወራለህ።

ጋሼ አይነካምም ያወራ ነበር፤ ለወንድሙ፣ በስልክ፣ በሥራ ሰዓት። በአዳራሹ ኔትወርክ የሚይዘው የመጨረሻው ክፍል ጥግ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ፣ አማቱን ያማል። አንድ ቀን እንዲህ አለ፦

«እኔማ የምጠብቀው እስክትሞት ነው። እሷ ደግሞ ሞት ራሱ ቢደውልላት፣ መስመሩ ተይዟል ብላ ትዘጋበታለች!»

ብሎም ሳቀ። ከልቡ ሳቀ።

ዕድለ ቢስ ሆኖ፣ በዚያ ሳምንት ግድግዳው ግድግዳ አልነበረም። ራቅ ካለ አገር ተምራ የመጣች አንዲት አርቲስት ጥጉን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነገር አልብሳው ነበር። ጎኑ ላይም ጽሑፍ ለጥፋለች፦ «ግድግዳው። ቴክኖሎጂ በዕለት ተዕለት ሕይወታችን ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በተሳታፊው ንክኪ የሚመረምር የአዲስ ሚዲያ ሥራ።» ድሮ ወደ አዳራሽ የመጣ ሰው ያይ ነበር፤ አይቶም አልገባኝም ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ ማየት ኋላ ቀርነት ሆኗል። ትሳተፋለህ፣ ወንድሜ! ሳትወድ ትሳተፋለህ! «አልገባኝም» ማለትህም ተሳትፎ ነው፤ ይቀዳል።

ጋሼ አይነካም ጽሑፉን አላነበበም። ያየው መብራቱን ነው። መብራቱ አልበራም። የጠባቂ ሕግ ደግሞ አጭር ናት፤ መብራቱ የጠፋ ነገር ጠፍቷል። በዚህች ሕግ በር ሲዘጋና ሲከፍት ኖሮ አንድም ቀን አላሳፈረችውም።

በመክፈቻው ዋዜማ አርቲስቷ ሠራተኛውን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይንኩት።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት ነገ ለእንግዳ የሚያሳዩት። መዳፍዎን ያሳርፉበት።»

እጁን ዘረጋ። ሊደርስ ሲል ቆመ። የሚጮህበት ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብሎ አየ።

«ንካው እንጂ!» አለ አለቃው፤ «አይናከስም!»

ነካው። ከመዳፉ ሥር ቢጫ ብርሃን ፈነጠቀ፤ ከግድግዳውም ሆድ የገዛ ድምፁ «አይነካም!» ብሎ አንባረቀበት። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እሱ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ እንደ ወጣ ሰው ደረቱ ተነፋ።

«የኔ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው። ግድግዳው የሚሰማውን ሁሉ ይይዛል፤ ልክ ኪሳችን ውስጥ እንዳሉት ስልኮች። ደጋግሞ የሰማውን ለነካው ሁሉ ቶሎ ይመልሳል፤ አንዴ ብቻ የሰማውን ደግሞ እጁን ሳያነሣ ለቆየ ሰው።»

«የሚሰማው... ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰቀልነው ጀምሮ።»

«መብራቱ ጠፍቶ አልነበር?»

«መብራቱ ነዋ የጠፋው። ጆሮው መቼ ጠፋ?»

የተነፋው ደረት ተነፈሰ። «የተባለውን... ማጥፋትስ ይቻላል?»

«ምን ነካዎት ጋሼ? አለመርሳቱ እኮ ነው ሥራው! ለምን፣ ምን ብለውት ነው?»

«እኔ? ምንም! ለሌላ ሰው አስቤ ነው።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የእናቷን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ትተኩሳለች።

«እማዬን ነገ ይዣት እመጣለሁ» አለችው።

«ግድግዳ ለማየት? እዚህ ግድግዳ አጥታ ነው?»

«አንተን ለማየት ነዋ! ሰው ሁሉ ከቦህ ስታስረዳ ማየት አማራት።»

«ብርድ አለ በያት። ደረጃ አለ። ሰው ይገፋታል።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ እማማ ከውስጥ። «እመጣለሁ!»

ያን ሌሊት ታጣፊው አልጋ ሲጮህ አደረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግድግዳው ከተናገረ ታጣፊው አልጋ፣ ሚስቱና እሱ መንገድ ላይ ናቸው። ሚስቱ አብራው ከወጣች ማለት ነው።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ አዳራሹ ደረሰ። ዘዴ አግኝቷል፤ ዘዴውም መንግሥታት ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ አንዱን እውነት በብዙ ውዳሴ መቅበር። ጥቁሩ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጀመረ። «እማማ ደግ ናቸው! እማማ እናቴ ናቸው! ዕድሜያቸውን ያርዝመው!» ሲጨርስ እንደገና፤ ሲደክመው ወዲያ ወዲህ እየተራመደ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ልምምድ ነው!»

«የምን ልምምድ? የቀብር?»

«ሂጂ ወደዚያ! ሰው ማመስገን ነውር ሆነ?»

«ኧረ ነውር የለውም። እስቲ ለኔም አንድ ሁለት ጨምርልኝ፤ በቁሜ ልስማው።»

ሄደች። እሱ ቀጠለ። ውሸት ግን እንደ ሌላው ዕቃ ያልቃል። ደግነታቸውን፣ ቸርነታቸውን፣ ቅድስናቸውን ከጨረሰ በኋላ የሚለው አጣ፤ ስለዚህ እውነት ተናገረ። «ሥራ ሳጣ የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው» አለ። «ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሾርባ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። በአውቶቡስ፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው።» እዚህ ላይ ወደ ውሸቱ ተመለሰ፤ እሱ ይቀል ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንግዳ ጎረፈ። ንግግር ተደረገ፤ ስለ ሰውና ስለ ማሽን፣ ስለ ቅርበትና ስለ ርቀት። ተናጋሪው ሲናገር አድማጩ ስልኩን አየ፤ አድማጩ ሲያጨበጭብ ተናጋሪው ስልኩን አየ። ጋሼ አይነካም መራራ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው «ይንኩ... ይንኩ...» ይላል። አንዳንዴ «አይ...» ብሎ ይጀምርና «ይነካል!» ብሎ ይጨርሳል። ግድግዳውን የነካ ሁሉ «እማማ ደግ ናቸው» የሚል ምላሽ እያገኘ ይስቃል፤ ከግድግዳው ጋር ፎቶ ይነሣል።

እማማ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ግድግዳውን አላዩትም፤ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው አዳመጡት። ከዚያ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«እማማ ደግ ናቸው» አለ ግድግዳው። «እማማ እናቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው።»

ሚስቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እማዬ፣ ሰማሽ? የሱ ድምፅ እኮ ነው!»

«ሰማሁ» አሉ እማማ። «ምን አድርጎ ነው?»

«እንዴት ምን አድርጎ?»

«ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ የሚያመሰግነው ወይ ሊለምን ነው፣ ወይ በድሎ ነው። የለመነኝ ነገር የለም።» ወደ አርቲስቷ ዞሩ። «ልጄ፣ ከዚህ በፊት የተባለውስ?»

አርቲስቷ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ጥያቄ የሚጠይቅ ተሳታፊ ተገኘ! «እጅዎን ሳያነሡ ይቆዩ፣ እማማ። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።»

«መስመር ይዞ መቆየት ለኔ አዲስ ነው እንዴ!»

ቆዩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዜማ አለፈ። መዶሻ የጣቱን ጥፍር የመታው አናጢ ስድብ አለፈ። አለቃው በሹክሹክታ «ይህን ጥቁር ጨርቅ ጥበብ ያለው ማነው?» ሲል ተሰማ፤ አለቃው ሳል ያዘው። ጋሼ አይነካም ተረከዙ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ፤ ከዚያ የኖረበት ጩኸት ከአንጀቱ ወጣ፦

«አይነካም!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ከዚያ ጭብጨባ! የሥራው ክፍል መስሏቸዋል። እማማ ግን እጃቸውን አላነሡም። ጭብጨባው ሲበርድ ግድግዳው በጠራ ድምፅ፣ ምንም ሳያስቀር፣ «እኔማ የምጠብቀው እስክትሞት ነው» ብሎ ጀመረ፤ «መስመሩ ተይዟል ብላ ትዘጋበታለች» ብሎ ጨረሰ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ። ከቃሉ ሳቁ ባሰ።

እንግዶቹም ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ያስቃል! በዚያ ክፍል ያልሳቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እማማ ዞር ብለው አላዩትም። ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ አፋቸውን፣ አገናኞች ሌላው መስመር እንዳይሰማ እንደሚያደርጉት፣ በእጃቸው ከለል አደረጉና አንድ ነገር ነገሩት። አጭር አልነበረም። ረጅምም አልነበረም። ቀና ብለው ቦርሳቸውን አስተካከሉ።

«እንሂድ» አሏት ልጃቸውን። በጎኑ ሲያልፉም፣ «እራት እንዳይቀዘቅዝብህ፤ አታምሽ» አሉት።

እራቱ አልቀዘቀዘም። ሳህኑ ከወትሮው ሞልቶ ቀረበ። «እማማ...» ብሎ ጀመረ።

«ብላ።»

በላ። ማን አልጋህን አጣጥፈህ ውጣ እንደሚለው እየጠበቀ በላ። ማንም አላለውም። በማግስቱም አላለውም። ስድብ ቢመጣ ይሰደባል፣ ልቅሶ ቢመጣ ይንበረከካል፤ የሞላ ሳህን ፊት ግን ሰው ምን ይሆናል? ሚስቱን በሹክሹክታ ቢጠይቃት ጀርባዋን ሰጠችው። «ምን እንዳለች እሷና ግድግዳው ያውቃሉ። እኔን አትጠይቀኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ አይነካም በር ሳይከፈትም፣ ከተዘጋም በኋላ መዳፉ ግድግዳው ላይ ነው። ጎብኚዎች ከኋላው ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ «ጋሼ፣ ለኛም ይድረሰን እንጂ!» አርቲስቷ ፎቶውን አንሥታ «የተመልካች ጥልቅ ተሳትፎ» የሚል ጽሑፍ ሥር አትማዋለች። ግድግዳውም አይሰስትም፤ የከተማውን ሳቅ፣ የሕፃናቱን ጩኸት፣ የባለትዳሮችን ጉርምርምታ ሁሉ ይሰጠዋል። አንዴ ብቻ የተባለው ግን ለቆየ ሰው ነው። እሱ ደግሞ መቆየት አያውቅም። ልክ ሊደርስ ሲል ተረከዙ ይነሣል፣ ቁልፉ ይንቃጨላል፣ እጁ ሳያውቀው ይነሣል፤ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በቅርቡ ደግሞ ግድግዳው ተነቅሎ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ያ ጥቁር ነገር ካለህበት ከተማ ደርሶ ከሆነ፣ አንተም እግርህ የሚያርፍ ሰው ከሆንክ፣ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተውና መዳፍህን አሳርፈህ ቆይ። አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ከሰማህ እስከ መጨረሻው ስማቸው። ያሉት ምሕረት ከሆነ፣ ለጋሼ አይነካም ዛሬውኑ ላክለት። ምሕረት ካልሆነ ግን፣ እባክህን...