የክሮስባንክ ንጉሥና የዊልፍ አንገት

ባለቤቴ ክሊፎርድ ኦልድሮይድ የእንግሊዝ ንጉሥ መሆኑን የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ነግሮኝ ቢሆን ዮርክሻየር ውስጥ ሌላ ባል አላጣም ነበር። ገና አዲስ ሙሽሮች ሳለን፣ አንድ እሑድ የበግ ጥብስ በድንች እየበላን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አትደንግጪ አለኝ። እኔማ የደበቃት ሌላ ሚስት ያለችው መስሎኝ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

ታሪኩ ይኼ ነው። የአያቱ አያት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ አንድ ልዑል ወዷት በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በድብቅ አገባት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ ልጁ ቀረ። ክሊፎርድ የዚያ ልጅ ዘር ነው። ማስረጃህ ምንድን ነው ስለው፣ አያቴ ዋሽታ አታውቅም አለኝ። ዙፋኑ ላይ ስላለችው ንግሥት እንኳን ክፉ አይናገርም ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፣ የሰው ቦታ ላይ መቀመጧን ስለማታውቅ ነው፣ ይላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኔ ባል ሳይሾም ነው የተሻረው።

ሥራው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ በበጋው መጀመሪያ፣ የደንብ ልብሱን ካፖርት አስቦርሾኝ የክሮስባንክ ከተማችን ገበያ መሃል ያለው የድንጋይ መስቀል ደረጃ ላይ ይወጣል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሕጋዊው ወራሽ እሱ እንደሆነና መብቱን እንዳልተወ ለሕዝቡ ያሳውቃል። ሕዝቡ ማለት ጎመን የሚገዙ አሮጊቶች ናቸው። ሲጨርስ ወርዶ ሻይ ይጠጣል።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሰውን ፊት ለፊት አብደሃል አይልም። ነውር ነው። ቀልዶ ነው የሚያልፈው፤ ቀልዱ ሲደጋገም ግን ማዕረግ ይሆናል። ክሊፎርድ የሠራተኞች ክበብ ሲገባ ቢራቸውን ይዘው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ሥጋ ሻጩ እኔን፣ "እቴጌ፣ ዛሬ ጉበት ነው ቋሊማ?" ይለኛል። አንድ ጊዜ አውቶቡሱን ከአጥር አጋጭቶ አለቃው ሊቀጣው ሲል፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ሹፌሮቹ ሁሉ ሳቁ፤ አለቃውም ሳቀና ቅጣቱ ቀረ። ይቀልዱብሃል እኮ ስለው፣ ሕዝቤ ይወደኛል ይለኛል። ምን ልበለው? ሳህኔን አጥባለሁ።

የቀላጆቹ ሁሉ አውራ ዊልፍ ሄፕዎርዝ ነበር። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ነው፤ ከሱፍ ማቅለሚያው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የእሽቅድምድም ርግቦቹን ብቻ ይዞ የሚኖር። በየዓመቱ ከደረጃው ሥር ይቆምና፣ "ሺህ ዓመት ያንግሥዎ ጃንሆይ! የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ግን ለምን ዘገየ?" ብሎ ይጮኻል። ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። ክሊፎርድ በእርጋታ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሳዋል፤ እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አንድ ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የዊልፍ አንገት አበጠ። ሐኪሙ ነገሩን አልደበቀውም። ክፉ በሽታ ነው፣ ግን በጊዜ ተደርሶበታል፤ አሁን ከተቆረጠ ትድናለህ፣ ከቆየህ አልችልም አለው። ሐሙስ ቀን አልጋ ተያዘለት። ዊልፍ ግን ሆስፒታል ሲባል ይንቀጠቀጣል፤ ሚስቱ ኤድና ለሐሞት ጠጠር ብላ በእግሯ ገብታ በሣጥን ነው የወጣችው። ቢሆንም እሄዳለሁ ብሎኝ ስለነበር አዲስ ፒጃማ ገዝቼለታለሁ።

ማክሰኞ ማታ፣ ራት ሳናነሳ፣ በጓሮ በር ገባ። ቆቡን አወለቀ። ዊልፍ እኔ ማድ ቤት ውስጥ ቆቡን አውልቆ አያውቅም። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

"ክሊፍ፣ የጥንት ነገሥታት አንገቱ ያበጠን ሰው በእጃቸው ዳስሰው ያድኑ ነበር ብለኸኝ ታውቃለህ" አለ።

"ብዬሃለሁ" አለ ክሊፎርድ።

"እንግዲያው ዳስሰኝ።"

የቀልዱን መጨረሻ እየጠበቅሁ ፈገግ አልኩ። መጨረሻ አልነበረውም። የአንገት ልብሱን ፈታ፤ የርግብ እንቁላል የሚያህል ነገር ከጆሮው ሥር አብጧል። ሐሙስስ ታዲያ? አልኩት። ክሊፍ ከዳሰሰኝ ሐሙስ ምን ያደርግልኛል? አለኝ።

የክሊፎርድ እጅ ከጠረጴዛው ተነስቶ አየር ላይ ቆመ። ፊቱን አየሁት። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከልቡ ንጉሥ ነህ እንዲለው ሲጠብቅ ኖሯል። ይኸው መጣለት። ከነካው ዊልፍ ሐሙስ አይሄድም፤ ካልነካው ደግሞ የኖረበት ሁሉ ውሸት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ይኼን ነገር ተው እያልኩ የጨቀጨቅኩት እኔ፣ በዚያች ሰዓት አፌ ተሳሰረ። አዘንኩለት። በሁለቱም ተናደድኩ።

ክሊፎርድ እጁን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

"ዊልፍ፣ እኔ ንጉሥ አይደለሁም። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሐሙስ ዕለት እኔው ወስጄ አደርስሃለሁ።"

ዊልፍ ያልነካውን ሻይ ገፋ አደረገ። "ይኼን ሁሉ ዓመት ንጉሥ ነኝ ስትል ኖረህ፣ ለእኔ ሲሆን ሹፌር ሆንክ?"

"አንተኮ ስትስቅብኝ ነው የኖርከው።"

"ስቄያለሁ" አለ ዊልፍ። "ታዲያ በየዓመቱ ማን መጣልህ?"

የአንገት ልብሱን አስሮ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ለሻዩ አመስግኖኝ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክሊፎርድ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሐሙስ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ የዊልፍን በር አንኳኳ። ተቆልፏል። ዊልፍ ርግቦቹ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይታየናል፤ ዞር ብሎም አላየን። ክሊፎርድ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለመነው፣ ተቆጣው፣ በኤድና ስም ማለደው። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። ሐኪሙ ራሱ መጣ፤ አንድን አዋቂ ሰው በግድ አላክምም ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔ የሥጋ ፓይ እየጋገርኩ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ዊልፍ ይበላና ሳህኑን አጥቦ አጥራችን ላይ ይመልሰዋል። ከዚህ በላይ የሠራሁት የለም፤ ምን እንደሚሠራም አላውቅም ነበር። የክበቡ ሰዎች ክሊፎርድ ሲገባ እንደ ልማዳቸው ብድግ ሲሉ፣ አንድ ቀን ተቀመጡ፣ እባካችሁ ተቀመጡ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ክበቡን ረግጦ አያውቅም።

በብርዱ ወራት ማብቂያ ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚቆረጥ ነገር የለም አለ። ያኔ ነው ዊልፍ በሩን መቆለፍ የተወው። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል፣ እሳቱ አጠገብ አወረድንለት። እብጠቱ አንገቱን ሞልቶ ድምፁን አዳክሞበታል። ሾርባ ይዤ ስገባ ክሊፎርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሳያስፈቅድ ሁለት እጁን ዘርግቶ እብጠቱ ላይ አሳረፈ።

"ንጉሥ ነኝ ዊልፍ" አለው። "ያኔ የዋሸሁህ ሆስፒታል እንድትሄድልኝ ብዬ ነው። ንጉሥ ነኝ።"

ዊልፍ ዓይኑን ገልጦ ተመለከተው። ቂም አልነበረበትም፤ ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ሹፌር ነኝ ስትለኝ አመንኩህ እኮ ክሊፍ" አለ በደከመ ድምፅ። "አሁን ከየት አምጥቼ ልመን?"

ባሌ እጁን አላነሳም። ዊልፍ እስኪያንቀላፋ ድረስ እንደዚያው ይዞት ቆየ። ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ እብጠቱም እንደነበረ ነበር።