እዛ ናቸው

ጋምቢያን የመረጥኳት ትንሽ ስለሆነች ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። መምህሯ አንዳንድ አገር ምረጡና ሕዝቡን፣ ኢኮኖሚውንና ማኅበረሰቡን አጥንታችሁ ክፍል ፊት አቅርቡ ስትለን፣ ሌላው ብራዚል ምናምን እያለ እጁን ያወጣል፣ እኔ ስልኬን ከፍቼ በአፍሪካ መሬት ላይ ትንሿን አገር ፈለግኩ። ትንሽ አገር፣ ትንሽ ሥራ ብዬ። ካርታው ላይ ሳያት ሴኔጋል አፍ ውስጥ የተሰካች መፋቂያ ነው የምትመስለው። አንድ ወንዝ፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ትንሽ መሬት፣ አለቀ።

ትምህርት ቤቱ የአዋቂዎች ነው፣ እዚህ ሰው አገር ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ሰፈር። ሃይስኩል ያቋረጥኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። አንዱ መምህር በአክሰንቴ ቀለደ፣ ወንበሩን ገፍቼ ወጣሁ፣ በዛው ቀረሁ። ከዛን ቀን ጀምሮ አባቴ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አያወራኝም። ዘንድሮ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን ላመለክት ስል ዲፕሎማ አምጣ ተባልኩ። የቀረኝ አንድ ክሬዲት ነው፣ ይሄው ጂኦግራፊ። ካለፍኩ ሥልጠናው ውስጥ ነኝ። ከወደቅኩ ሙዝ ስደረድር እኖራለሁ። ሙዝ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፣ ኖርዝ ዮርክ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ፍራፍሬ ክፍል ነው የምሠራው።

መጀመሪያ የሰጠኋትን ወረቀት መምህሯ መለሰችልኝ። ፀጉሯ የሸበተ የጃማይካ ሴትዮ ናት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ይሄ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነው» አለችኝ። «ቁጥሩ አለ፣ ሰው የለበትም። እስከ ሐሙስ አንድ የአገሩን ሰው አናግረህ ካልመጣህ ዜሮ ነው የምሰጥህ።»

ደሜ ፈላ። በሩን አየሁት። ማየቴንም አየች።

«በሩ አይቆለፍም» አለች መነጽሯን እየወለወለች።

ያቺን ባትናገር እወጣ ነበር። እልህ አስቀመጠኝ።

የሚያናድደው ደግሞ አንድ ጋምቢያዊ አውቃለሁ፣ ያውም የተኮራረፍኩትን። እዛው ግሮሰሪ ከኋላ በኩል ዕቃ የሚረከብ ሰውዬ ነው፣ ዕድሜው ካባቴ አያንስም። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው፣ በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም አንተ ስለሆነ ተገላግያለሁ። ጠዋት ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ መንገድ ላይ ያቆመኛል። ሰላም አለይኩም፣ በሰላም አደርክ ወይ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው፣ ሥራውስ፣ የቤት ሰዎችስ? እኔ ደግሞ ከጠየቅከኝማ ብዬ እውነቱን እነግረዋለሁ። አባቴ አያወራኝም፣ ክሬሰንት ታውን ያለው ሕንፃችን ሊፍቱ ተበላሽቶ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሱፐርቫይዘሩ ሺፍቴን ቆርጦብኛል። ሰውዬው መንገድ ላይ ሱሪዬን እንዳወለቅኩ ሁሉ ያየኛል። ያንተስ ቤተሰብ እንዴት ነው ስለው ግን መልሱ ሁሌ አንድ ነው።

«እዛ ናቸው።»

በቃ። የኔን ጓዳ በርብሮ የራሱን የሚቆልፍ መሰለኝ። አንድ ቀን «የት ናቸው አላልኩህም፣ እንዴት ናቸው ነው ያልኩህ» አልኩት። ሳቀ። መሳቁ ባሰብኝ። ከዛ በኋላ ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በጎኑ አልፍ ጀመር፣ ሁለት ወር ያህል።

ማክሰኞ ግን ወደሱ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ጋምቢያዊ ከየት ላምጣ? ብሬክ ላይ ነው፣ በተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ደብተሬን ከፈትኩና ሕዝባችሁ ስንት ነው አልኩት።

«መጀመሪያ ሰላም በለኝ» አለኝ።

አልኩት። አልበቃውም፣ በራሳቸው ቋንቋ በማንዲንካ በል አለኝ። የቤት ሰዎችስ ለማለት «ሱሞሉ ሌ» ነው የሚባለው። መልሱ «ኢ ቤ ጄ» ነው፣ እዛ ናቸው ማለት ነው። ቢታመሙም፣ ቢጣሉም፣ ቢራቡም መልሱ ይሄው ነው አለኝ።

«ታዲያ ውሸት አይደል?» አልኩት።

«ስትጠይቀኝ በር እያንኳኳህ ነው። እዛ ናቸው ስልህ ከፈትኩልህ። በሽተኛ ተሸክሞ በር ላይ የሚቀበል አለ? ግባ፣ ተቀመጥ፣ ከዛ እነግርሃለሁ። አንተ ግን ገና ደጃፍ ላይ ሆነህ ነው የምታራግፈው።»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። አባቴ ትዝ አለኝ። ደሴ ላለችው እህቱ ኮል ሲያደርግ እንዴት ናችሁ ይላታል፣ አለን ትላለች። ጦርነቱ ከተማዋ በገባበት ሰሞን እንኳን አለን ነበር የምትለው። አባቴ ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ ወንበር ይስባል። ወሬው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። እኛም እዛ ናቸው ነው የምንለው ለካ፣ እኔ ነኝ ጆሮ የሌለኝ።

ስንት ልጅ አለህ ብዬ ልጽፍ ስል እስክርቢቶዬን በእጁ ያዘው። ሰው አይቆጠርም፣ አላህ የሰጠኝን ያህል በል አለ። ግቢያቸው ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሳህን ክብ ሠርተው እንደሚበሉ፣ ልጆች ከፊታቸው ያለውን ብቻ እንደሚነኩ፣ ሥጋውን መሃል ላይ ያለች እናት እየቆራረሰች ወደየፊታቸው እንደምትገፋ ነገረኝ። ማኅበረሰብ ብዬ ጻፍኩት። ኢኮኖሚው ለውዝ ነው አለ፣ ወንዝ ዳር ሩዝም አለ፣ ደግሞ ባሕሩ ዳር ሆቴሎች አሉ።

«ነጮቹ ከብርድ ሸሽተው እኛ ጋ ይመጣሉ» አለ። «እኛ ደግሞ ነጮቹ የሸሹትን ብርድ ፍለጋ እዚህ መጥተን ወደዛ ገንዘብ እንልካለን።»

ብርቱካኑ አለቀ። ልጣጩን በወረቀት ጠቀለለ። ከዛ፣ ሳልጠይቀው፣ ሁለተኛ ልጁ በባክዌይ ወጥቷል አለኝ። የኋላ መንገድ ማለት ነው፣ በበረሃ አድርጎ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕሩ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከረመዳን በፊት ነው።

«ይሄን አትጻፈው» አለኝ። «ይሄ ለተቀመጠ ሰው ነው።»

ሐሙስ ቆምኩ። ካርታውን አሳየሁ፣ ለውዙን አወራሁ፣ ሳህኑን አወራሁ። ክፍሉን በሙሉ ሱሞሉ ሌ አስባልኩት፣ ሳቁልኝ። መምህሯ ከኋላ ሆና እጇን አወጣች።

«ስለሚሰደዱት ወጣቶች አንድ መስመር ብቻ ነው ያልከው» አለች። «ያናገርከው ሰው የሚያውቀው የለም?»

ታሪኩ ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ክፍሉ ፀጥ እንደሚል፣ እሷም እስክርቢቶዋን እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። ክሬዲቱ የኔ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች በር ላይ ናቸው፣ ማንም አልተቀመጠም። ሁለት ደቂቃ ቀርቷቸው ቦርሳቸውን እየዘጉ ነው።

«እዛ ናቸው አለኝ» አልኳት።

«መልሱ ይሄ ነው?»

«በነሱ አገር መልሱ ይሄ ነው።»

አንድ ነገር ጻፈች። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ሰዎቹን አምጥተሃል፣ ስደት ላይ ግን ሳስቷል ይላል። ከሥሩ ሃምሳ አንድ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

በማግስቱ ሰውዬው ሰላምታውን አንድ በአንድ ጨረሰ፣ እኔም አንድ በአንድ መለስኩ። የቤት ሰዎችስ ሲለኝ እዛ ናቸው አልኩት። ከዛ ስንት አገኘህ አለኝ፣ ነገርኩት።

«የልጄን ነገር ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም።»

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ሞኝ ነህ። ሰማንያ ይሰጡህ ነበር።»

አትጻፍ ያልከኝ አንተ ብዬ ልነሳበት ስል ሳቁን አቆመ። «ገና አልደወለም» አለኝ። ሙዙ ይጠብቀኛል፣ ሱፐርቫይዘሩም ያየኛል። ሳጥን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት ቤት ስገባ አባቴ የባስ ሹፌር ዩኒፎርሙን ለብሶ ጫማውን እያሰረ ነው። እንደሁልጊዜው ቀና ሳይል እንዴት ነህ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ሙዙን፣ ሊፍቱን፣ ሱፐርቫይዘሩን አራግፌ ወደ ክፍሌ ነበር የምገባው።

«አለሁ» አልኩት። ከዛ ወንበር ሳብኩ።

ማሰሩን ተወና ቀና ብሎ አየኝ።