ናጂሃና የሴቶቹ ሰዓት

ናጂሃ ጁማ ቡሬ ተወልዳ ቡሬ ያደገች፣ ስትናገር ጆሮ አስጠግተው የሚሰሟት ልጅ ናት። አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሲከራከር፣ ሲያስቀንስና ሲምል ሲገዘት እሷ ጥግ ይዛ የጣቃውን ጫፍ ታስተካክል ነበር። ኮምፒውተር የተማረችውም እናቷ ኡምሀኒ «ከሰው ጋር ብዙ የማያነታርክ ሥራ ነው» ብለው ስለመረጡላት ነው። ስትመረቅ ፍኖተ ሰላም አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ፣ አንድ ስልክ ጥገና ቤት ተቀጠረች።

የአክስቷ ልጅ ኢርፋን አስፋልቱ ዳር ሲሚንቶና ምስማር ይሸጣል። ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ ጂም ከፍቷል። ጂሙ ጠዋትና ማታ የወንዶች ነው። ረፋድ ላይ ግን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ለሴቶች ብቻ ተለይቶላቸዋል። ያን ጊዜ መስኮቱ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ኢርፋን ራሱ እንኳ ደረጃውን አይወጣም። አሰልጣኟ ውዳሴ የምትባል ከደምበጫ የመጣች ቀልጣፋ ልጅ ናት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ይዟቸው ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ያላቸው እናቶች፣ ወልደው ወገባቸው አልጠና ያላቸው ወጣቶች፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም እዚያ ይመጣሉ። ወንድ ሳያያቸው የሚዘሉበት ሌላ ቦታ በከተማው የላቸውም።

ችግሩ የስፖርት ምንጣፉ ቁጥር ማነሱ ነበር። አንዷ ቀደም ብላ መጥታ ነጠላዋን ምንጣፍ ላይ ጥላ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ነጠላውን አጥፋ አስቀምጣ ትተኛበታለች፤ ከዚያ ጠብ ነው። ቀሪዎቹ ለኢርፋን ይደውላሉ።

«ናጂሃዬ፣ አንድ ነገር ሥሪልኝ» አላት አንድ ቀን። «በስልካቸው ቦታ የሚይዙበት። እኔ ምስማር ልመዝን ወይስ የሴት ስም ልጥራ?»

ናጂሃ ሥራውን ወደደችው። ቴሌግራም ላይ የሚከፈት መመዝገቢያ አዘጋጀች። ምንጣፎቹን በትንንሽ አረንጓዴ ሳጥን ሣለቻቸው፤ የተያዘው ቀይ ይሆናል። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም እኛ እንደምንጠራው አደረገችው። መነጽር ቤት ረስተው ለሚመጡት ፊደሉን አተለቀችው። የቁልፍ ስልክ ለያዙት ደግሞ በአጭር መልእክት እንዲሠራ አደረገች፤ ኔትወርክ ሲደክምም እሱ ይሻላል። የማንም ስም ለማንም አይታይም፤ ለውዳሴ ብቻ። አማቷ ሳትሰማ የምትመጣ ሴት እንዳለች ታውቃለችና። ከታች ሁለት ቁልፍ አስቀመጠች፦ «ያዢ» እና «ሰርዢ»።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተደሰተ። ጠቡ ቀረ፤ የኢርፋንም ስልክ አረፈ። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ስልኩ ላይ ሳጥኖቹ ሁሉ ቀይ ሆነው ያድራሉ፤ ረፋድ ላይ አዳራሹ ወና ነው። ቦታ አጣሁ ያለችው ቤቷ ተቀምጣ ታማርራለች፤ የያዘችው አልመጣችም።

ኢርፋን ስልክ ጥገናው ቤት ድረስ መጣ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገርሽ ሞልቷል ይላል። ላይ ቤት ግን ውዳሴ ከሦስት ሴት ጋር ትዘላለች። ባምላኩና ጓደኞቹ፣ እነዚያ ብረት የሚያነሱት ጎረምሶች፣ ያን ሰዓት ለእኛ አድርገው ብለው ፋታ ነሱኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? እስከ ወሩ መጨረሻ እናያለን አልኩ። እስከዚያ ካልሞላ ለልጆቹ ነው። ባዶ ቤት ይዤ ልቀመጥ?»

ናጂሃ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ሴቶቹ ያለ እሷ መመዝገቢያ፣ እየተጣሉም ቢሆን ይመጡ ነበር። አሁን ያቺን አንድ ሰዓት ቢያጡ በእሷ ጥፋት ነው። ስህተቱ ከሥራዋ ይሆናል ብላ ሁሉንም መልሳ ፈተሸች። ራሷ ያዘች፤ ራሷ ሰረዘች፤ ይሠራል። አንድ ነገር ግን አየች። ከተከፈተ ጀምሮ «ሰርዢ»ን የነካ ሰው የለም። አንድም።

ለምን እንደሆነ ኮምፒውተር አይነግራትም፤ ሰው መጠየቅ ሊኖርባት ነው። ሰው መጠየቅ ደግሞ ለናጂሃ ዳገት ነው። ቢያንስ ከማውቃቸው ልጀምር ብላ ወደ አክስቷ ጎረቤት ወደ እትዬ እታለም ሄደች። ቦታ ይዘው ከሚቀሩት አንዷ እሳቸው ናቸው።

እትዬ እታለም ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው የደረቀ በርበሬ ጭራ ይቀነጥባሉ። ናጂሃ ገና ሰላም ሳትል አስነጠሳት።

«ይማርሽ! ከነፋሱ ወዲህ ዙሪ» አሏት። የእናቷን ጤና፣ የአባቷን ገበያ፣ የቡሬን ዝናብ ጠየቁ። ናጂሃ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በርበሬ መቀንጠብ ጀመረች። ብዙ ቆይታ፣

«እትዬ፣ ሰሞኑን ስፖርት ቤት ጠፉ አሉ» አለች።

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። «ማን አለ? ውዳሴ ናት? ተቀየመችኝ?»

«አይ፣ እሷስ ምንም አላለች። ቦታ ይዘው ነበር እኮ።»

«ይዣለሁ እንጂ! ልመጣ ነበራ። አንድ ቀን ለቅሶ ሆነ፤ አንድ ቀን የልጅ ልጄን አተኮሰው፤ ሌላውን ቀን ደግሞ እንዲያው ከበደኝ።»

«ያን ጊዜ 'ሰርዢ' የሚለውን ቢነኩት ሌላ ሰው ይገባበት ነበር።»

«ውይ!» አሉ እትዬ እታለም፣ ነውር ነገር እንደሰማ ሰው። «ልጅቱ እኔን ብላ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሰርዤሻለሁ ልበላት? ደግ አይደለም የኔ ልጅ። ዝም ብሎ መቅረት ይሻላል።»

«ዝም ብለው ሲቀሩስ አትቀየምም?»

«ዝም ብዬ ስቀር አንድ ነገር ገጥሟት ነው ትላለች። ብሰርዛት ግን ጠላችኝ ነው የምትለው።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «አንድ ቀን እንኳ ደፍሬ እጄን ሰደድኩ። 'እርግጠኛ ነሽ?' አይለኝም መሰለሽ! እኔ ከመቼ ወዲህ በምን እርግጠኛ ሆኜ አውቃለሁ? ደግሞ አንቺ ይለኛል። የእሱ እኩያ ነኝ?»

ናጂሃ በርበሬ በነካ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከንፈሯም ሲያቃጥላት ዋለ።

ሌሎችንም ጠየቀች። እያንዳንዷ በራሷ መንገድ ያንኑ አለች። አዲሷ ሙሽራ ፈሂማ ደግሞ «እኔ ኢንሻ አላህ ብዬ ነው የያዝኩት፤ እመጣለሁ ብዬ አልማልኩ» ብላ ልትቆጣ ምንም አልቀራት።

ነገሩ ገብቷታል፤ መፍትሔው ግን ጨለመባት። በዚሁ ጭንቀት ላይ ሳለች የጎረቤት ልጅ ሠርግ ነውና ነይ ተብላ ወደ ቡሬ ሄደች። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እናቷ ኡምሀኒ አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል፤ ወደ ቤት መመለስ እንዳለባቸው ናጂሃ ታውቃለች፤ አባቷ ሱቅ ዘግተው የሚመጡበት ሰዓት ነው። እናቷ ግን ልሂድ አላሉም። በሠርግ ቤት ልሂድ ያለ ሰው መቼ ይለቀቃል? ብቻ፣ መግቢያው ላይ ልጅ አዝላ የቆመች ሴት አዩ።

«ነይ እህቴ፣ እዚህ አረፍ በይ። ልጁን አውርጂው» ብለው ተነሡ።

«ኧረ አይነሡ!»

«እኔ ብዙ ተቀምጫለሁ፤ እግሬን ላፍታታ።»

ሴትዮዋ እየመረቀቻቸው ተቀመጠች። እናቷም ነጠላቸውን አጣፍተው በጓሮ በኩል ውልቅ። ማንም የት ሄዱ አላለም፤ ማንም አልተቀየመም።

ናጂሃ ሳህኗን እንደያዘች ቀረች። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች።

በማግስቱ በአባቷ ባንኮኒ ላይ፣ በጨርቆቹ መሐል፣ ላፕቶፗን ከፈተች። «ሰርዢ» የሚለውን አወጣችው። በእሱ ፋንታ «ቦታዬን ለእህቴ ለቅቄያለሁ» የሚል ቁልፍ አስገባች። እርግጠኛ ነሽ የሚል ጥያቄ የለም። ንግግሩም ሁሉ በእርስዎ ሆነ። ቦታ ያላገኘችው ሴት «ሲለቀቅ ጥሩኝ» ትላለች፤ አንዷ ስትለቅ ወዲያው «አንዲት እህትዎ ለነገ ቦታቸውን ለቀውልዎታል» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ውዳሴም እገሊት ቀረች የሚል ነገር አይደርሳትም፤ እገሊት ትመጣለች የሚል ብቻ ነው የምታየው።

ሁለት ሦስት ቀን ማንም አልነካውም። ናጂሃ ስልኳን እያየች ትተኛለች፤ እያየች ትነሣለች። የማርያም ዋዜማ ላይ ግን ክርስቲያኖቹ ተራ በተራ መልቀቅ ጀመሩ፤ ቦታው ለእነ ፈሂማ ሆነ። ዓርብ ሲመጣ ደግሞ እነ ፈሂማ ለቀቁ። እትዬ እታለም በአጥር ላይ ተጣሩ።

«ናጂሃ! ዛሬ ለቀቅኩላት እኮ! ለማን እንደሆነ ባላውቅም። ከወዲያ ማዶ እየመረቀችኝ ይሆናል።»

የወሩ መጨረሻ ቀን ናጂሃ ከሥራ አስፈቅዳ ኢርፋን ሱቅ ገብታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ወደ ላይ ለመውጣት ድፍረት አጣች። ኢርፋን ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ድም፣ ድም ይላል። ከእንጨቱ ስንጥቅ አቧራ እየረገፈ ሚዛኑ ላይ ያርፋል።

«ይሄ የሦስት ሰው እግር አይደለም» አለ ኢርፋን በመጨረሻ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ወዲያው ባምላኩ ትከሻውን እያሰፋ ገባ። «ጋሽ ኢርፋን፣ እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ነው አይደል?»

ኢርፋን አሳለ። አቧራውን ከሚዛኑ ላይ ጠረገ። «ባምላኩ… እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ገበያ ሄዳለች። ሰዓቱን ነው የጠየቅኩህ።»

ኢርፋን ምን እንደሚል ጨንቆት ወደ ናጂሃ ዞረ። ይህን ጊዜ ሴቶቹ ጨርሰው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ከፊት የወረዱት ወይዘሮ እንቁ ነበሩ፤ ባዶ ዘንቢል በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ በነጠላቸው ጫፍ አንገታቸውን እየጠረጉ። ልጃቸውን ሲያዩ ቆሙ። ባምላኩም ቆመ።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ…» ባምላኩ ወደ ደረጃው አየ፣ ወደ እናቱ ዘንቢል አየ። «ምስማር ልገዛ ነው።»

«ግዛና ወደ ቤት ግባ። እኔ ጉልበቴ ተፍታቷልና አሁን ገበያ እደርሳለሁ።» ወደ ናጂሃ ዞር ብለው በዐይናቸው ብቻ ሰላም አሏት፤ ወጡ። የሴቶቹ ሰልፍ ተከተላቸው፤ ሱቁን በላብና በሳቅ ሞልተውት አለፉ። ከኋላ ውዳሴ «ሌላ ምንጣፍ ያስፈልገናል!» ብላ ከደረጃው ላይ ጮኸች።

ናጂሃ ከሲሚንቶው ላይ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልበላች ያኔ ትዝ አላት።

ኢርፋን የምስማሩን ሳጥን ወደ ራሱ ሳበ። «ስንት ቁጥር ይሁንልህ ባምላኩ?»

«የፈለግከውን» አለ ባምላኩ።